ሻተርን ከ30 ሜትር ርቀት ያለ ገመድ መጫን (ዜኒት-ኢ)፦ የትኛው ሬዲዮ ይሻላል?

ከዚራ58
ሰላም ለሁላችሁ። ካሜራው ዜኒት-ኢ ነው፣ ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2። ባትሪ የለው፣ ሁሉም ነገር በሞላና በጥርስ ነው የሚሠራው። ሐረር ላይ ማታ ጅብ ሲበላ ካሜራው መሬት ጠጋ ብሎ እንዲቀመጥና ሻተሩ (ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መዝጊያ) ከ25 እስከ 30 ሜትር ርቀት እንዲጫን እፈልጋለሁ። ያለኝ ዕቃ፦ አርዱዪኖ ናኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ) 2፣ ኤስጂ90 ሰርቮ (በታዘዘው ዲግሪ የሚዞር ትንሽ ሞተር) 1፣ የ433 ሜጋኸርዝ ማስተላለፊያና መቀበያ አንድ ጥንድ፣ ኤንአርኤፍ24ኤል01 (የ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ) አንድ ጥንድ፣ የ40 ሳንቲ ሜትር ኬብል ሪሊዝ (ጫፉ ሲጫን ውስጡ ያለው ሽቦ የካሜራውን ቁልፍ የሚገፋ ኬብል)። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከሁለቱ ሬዲዮ የትኛው ይሻላል? ሰርቮውስ ቁልፉን በቀጥታ ይጫን ወይስ በኬብሉ በኩል?

ሞርሳ ቤት
ሬዲዮው ይቆይህ። እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አየር ላይ ሳይሆን ቁልፉ በሚወርድባት በጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው። ጣት ቁልፉ ከከበደው ኃይል ይጨምራል፣ «ቀጭ» ሲል ያቆማል። ሰርቮ ይህን አያውቅም። የታዘዘበት ዲግሪ እስኪደርስ ይገፋል፤ መድረስ ካቃተው እዚያው እያቃሰተ ባትሪህን ይጨርሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሦስት ቁጥር አምጣ።

አንደኛው የቁልፉ ክብደት ነው። ፊልም አውጣ፣ የፊልም ማሳለፊያውን ማንሻ ስበህ ሻተሩን ወጥር፣ ካሜራውን ዲጂታል የኩሽና ሚዛን ላይ አስቀምጠህ ዜሮ አድርግ። ከዚያ ቁልፉን በጣትህ ቀስ እያልክ ወደ ታች ተጫን። ሲለቅ የታየውን ግራም ጻፍ። አሥር ጊዜ ደጋግምና ትልቁን ያዝ፤ አማካዩ አይጠቅምህም፣ ፎቶ የምታጣው በከበደው ጊዜ ነውና።

ሁለተኛው በኬብሉ በኩል ያለው ክብደት። ኬብሉን ካሜራው ላይ እሰር፣ መጫኛውን ራስ ሚዛኑ ላይ ድፋና የጣት መያዣውን ወደ ታች ግፋ። ኬብሉ በሰፊው ጎብጦ አንድ ጊዜ፣ ጠበብ ብሎ ታጥፎ አንድ ጊዜ።

ሦስተኛው ጉዞው ነው። የኬብሉ መጫኛ በጠቅላላ ስንት ሚሊ ሜትር ይገባል፣ ስንቱ ባዶ ነው (ቁልፉን ሳይገፋ የሚሄደው)፣ ስንት ላይ ይለቃል?

ከዚራ58
ጋሼ፣ እንዳሉት ለካሁ። ቁልፉ ላይ በቀጥታ ትልቁ 580 ግራም። በኬብሉ በሰፊው ሲጎብጥ 760፣ ጠብቦ ሲታጠፍ 1,050። ጉዞው 9.5 ሚሊ ሜትር፤ የመጀመሪያው 5 ባዶ ነው፣ 7 ላይ ይለቃል።

ሞርሳ ቤት
ጥሩ ቁጥር ነው። መታጠፉ ብቻ 290 ግራም እንደጨመረ ልብ በል፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

በኬብሉ ሥራው። ዜኒት ላይ ቁልፉና የፊልም ማሳለፊያው ማንሻ ስለሚቀራረቡ ከላይ ድልድይ ብታበጅ ማንሻውን ሊከለክልህ ይችላል። በዚያ ላይ ሰርቮው ካሜራውን በቀጥታ ከነካ ንዝረቱ ወደ ፎቶው ይገባል፤ ኬብል ግን ይህን ይውጥልሃል።

አሁን ሂሳቡ። የኤስጂ90 ጉልበት በ4.8 ቮልት 1.8 ኪሎ ግራም በሳንቲ ሜትር ይባላል፤ ከመሃሉ 1 ሳንቲ ሜትር ላይ 1.8 ኪሎ ይገፋል ማለት ነው። ይህ ግን ሰርቮው ቆሞ ሲታነቅ ያለው ጉልበት ነው፤ ለሥራ ግማሹን ብቻ ቁጠር፣ 0.9። ገፊውን ዘንግ የሰርቮው ክንድ ላይ ከመሃሉ 8 ሚሊ ሜትር ርቆ ብታስረው 0.9 ለ0.8 ሲካፈል ወደ 1.1 ኪሎ ይሰጥሃል። 760ን በደንብ ይሸከማል፤ 1,050 ላይ ግን አፋፍ ላይ ነህ። ክንዱን 15 ሚሊ ሜትር ብታደርገው 600 ግራም ብቻ ይቀርልሃልና አይሠራም። ሰው ጉዞ አነሰኝ ብሎ ክንዱን ያስረዝምና ጉልበቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ጉዞውን በክንድ ርዝመት ሳይሆን ባዶውን አስቀድሞ በመብላት ፍታው። የሰርቮው ማረፊያ ቦታ መጫኛው 4 ሚሊ ሜትር የገባበት ይሁን፤ 1 ሚሊ ሜትር ለደኅንነት ትተርፋለች። ከዚያ እስከ 8 ሚሊ ሜትር ግፋ። 4 ሚሊ ሜትር በ8 ሚሊ ሜትር ክንድ 30 ዲግሪ ያህል ነው፤ ክንዱ ለኬብሉ ቀጥ ባለ ማዕዘን ከቆመበት ነጥብ 15 ወዲህ፣ 15 ወዲያ አድርገህ አካፍለው። መልቀቂያው 7 ላይ ስለሆነ 1 ሚሊ ሜትር ትርፍ አለህ፣ የኬብሉም መጨረሻ ላይ አትጋጭም።

ማቀፊያው፦ ወርዱ 25፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ አሉሚኒየም 30 ሳንቲ ሜትር ቁረጥ። መስኮትና በር የሚሠሩ ቤቶች ቁራጭ አያጡም። አንድ ጫፉ ላይ ለካሜራው ብሎን 6.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ ብሳ። የድሮዎቹ ዜኒቶች የትራይፖድ ቀዳዳ 3/8 ኢንች፣ የኋለኞቹ 1/4 ኢንች ስለሆነ ሳትበሳ ለካ። ብሎኑ ካሜራው ውስጥ ከ4.5 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይገባ፤ ረጅም ከሆነ ሮንዴላ ጨምርበት፣ አለበለዚያ የካሜራውን ሆድ ይወጋል። ሌላኛው ጫፍ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ባለ ቀኝ ማዕዘን አሉሚኒየም አቁም። ሰርቮው እሱ ላይ በብሎን ይታሰር። የኬብሉ የጣት መያዣ ደግሞ እዚያው ላይ በሁለት እንጨት መካከል ተነክሶ ይያዝ፤ እንጨቱን በሞረድ ጎድጉደው። የኬብሉ ልባስ ካልተነከሰ ሰርቮው ሲገፋ ኬብሉ በሙሉ ይሸሻል እንጂ ውስጡ ያለው ሽቦ አይሄድም።

ከሰርቮው ክንድ ወደ መጫኛው 1 ሚሊ ሜትር የብረት ሽቦ አድርግ። መሃሉን እንደ «ሀ» ፊደል አጉብጠው። ያቺ ጉብታ ሞላ ትሆንልሃለች፤ ሰርቮው አንድ ሁለት ዲግሪ ቢያልፍ እሷ ትታጠፋለች እንጂ የካሜራው ውስጥ አይጎዳም። እሷን አትዝለል።

ታይዋን ተራ
ለምን በ9 ግራም ሰርቮ ትጨነቃላችሁ? የመኪና ሴንትራል ሎክ ሞተርና የ433 ሪሞት ከነሪሌው የመኪና ዕቃ መሸጫ ሁሉ አለ። ኮድ መጻፍ የለ፣ አርዱዪኖ የለ። 12 ቮልት ስጠው፣ አለቀ።

ሞርሳ ቤት
ጉልበት ሞልቶታል፣ ችግሩም እሱ ነው። የበር መቆለፊያን ዘንግ ለመምታት የተሠራ ነው፣ አንዴ ተነስቶ ጫፍ ድረስ ይመታል፤ መሃል ላይ አቁሞ ባዶውን አስቀድሞ መብላት አይቻልም። በቀጥታ ካሰርከው የኬብሉን ጫፍ ያጣምማል፣ ካሜራውንም ያንቀጠቅጣል፤ በ1/30 ሰከንድ ያ መንቀጥቀጥ ፎቶው ላይ ይታያል።

መጠቀም ግድ ከሆነ ሞተሩ ኬብሉን አይግፋ፤ ሞላ ይሳብ፣ ሞላው ኬብሉን ይግፋ። ሞላውን 9 ሚሊ ሜትር ሲሳብ 1.2 ኪሎ የሚሆን ምረጥ፣ እሱንም በሚዛን ለካ። ሪሌው ከግማሽ ሰከንድ በላይ እንዳይያዝ አድርግ፤ እነዚህ ሞተሮች ለቅጽበት እንጂ ለዘለቄታ ኤሌክትሪክ አልተሠሩም፣ ይቃጠላሉ። የ12 ቮልቱንም ባትሪ መሸከም አለ።

ሰርኪዩት ድሬ
እስቲ ወደ ሬዲዮው።

433 ርካሽ ነው፣ ግድግዳንም ከ2.4 ጊጋኸርዝ በተሻለ ያልፋል። ከ433.05 እስከ 434.79 ያለው ባንድ አፍሪካና አውሮፓን በያዘው ክልል ለእንዲህ ዓይነት ትናንሽ መሣሪያዎች የተተወ ነው፤ ስለዚህም የጊቢ በር ሪሞቱም፣ የመኪና አላርሙም፣ ገመድ አልባ ደወሉም እዚያው ተጨናንቀዋል። ርካሹ መቀበያ ምንም ምልክት በሌለበት ጊዜ ዝም አይልም፤ መውጫው ላይ ያለማቋረጥ ጫጫታ ያወጣል። «መውጫው ከፍ ካለ ሻተሩን ጫን» ብሎ የጻፈ ሰው ካሜራው ገና መሬት ሳይነካ ይነሳበታል። ኮድ ያለው መልእክት ግድ ነው። አንቴናውም 17.3 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ሽቦ ይሁን፣ በማስተላለፊያውም በመቀበያውም ላይ። ያ የሞገዱ አንድ አራተኛ ነው። ብዙ ሰው ሞጁሉን ያለ አንቴና ይሞክርና ሦስት ሜትር ላይ ሲጠፋበት ሞጁሉን ይወቅሳል።

ኤንአርኤፍ24 ላንተ ሥራ የተሻለ ነው የምለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ መልእክቱ መድረሱን ራሱ መልሶ ይነግርሃል። ሁለተኛ፣ ይፈጥናል። ፍጥነቱን ግን በሰከንድ 250 ኪሎቢት ላይ አስቀምጠው። በ2 ሜጋቢት የመቀበል አቅሙ ከዜሮ በታች 82 ዲቢኤም (የምልክት ጉልበት መለኪያ፤ ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ደካማ ምልክት ይሰማል) ሲሆን በ250 ኪሎቢት 94 ይደርሳል፤ የ12 ዴሲቤል ልዩነት ሜዳ ላይ ርቀቱን ብዙ ያራዝማል። የምትልከው አንድ ባይት ነው፣ ፍጥነት ምን ያደርግልሃል? ቻናሉን 80 አድርገው፣ 2,480 ሜጋኸርዝ ማለት ነው፤ ከተለመዱት የዋይፋይ ቻናሎች በላይ፣ ግን ከተፈቀደው ባንድ ሳትወጣ። አንቴናው ከካሜራውና ከአሉሚኒየሙ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከመሬትም በተቻለ መጠን ከፍ ይበል። ካሜራህ መሬት ላይ ስለሆነ መቀበያውን በአጭር ገመድ ግማሽ ሜትር እንጨት ጫፍ ላይ አውጣው። መሬት ላይ የተኛ አንቴና ግማሹን ሥራ ለድንጋዩ ይሰጣል።

ቀፊራ
በስልክ ማድረግስ አይቻልም? ኢኤስፒ8266 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ሰሌዳ) ገዝቶ በዋይፋይ።

ሰርኪዩት ድሬ
ይቻላል፤ ለዚህ ሥራ ግን አልመክርም። ስልኩ ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ ሲያገኝ ጥሎ ወደ ዳታ ይሄዳል፤ ጅቡ አፉን ሲከፍት አንተ ስልክህን መልሰህ እያገናኘህ ነው። የስልኩ መብራትም ማታ ፊትህን ያበራል። በኪስ ውስጥ በጣት ዳብሰህ የምታገኘው አንድ ቁልፍ ይበልጣል።

የመጫወቻ አውሮፕላን ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞትና መቀበያ በእጁ ያለ ሰው ካለ ደግሞ ምንም ኮድ አያስፈልገውም። ሰርቮውን በቀጥታ መቀበያው ላይ ሰክቶ 4 የባትሪ ድንጋይ መስጠት ብቻ ነው። የእጅ ማንሻውን የሁለቱን ጫፍ ገደብ ሪሞቱ ላይ ያስተካክል።

ጁገል ማታ
ስለ ሐረሩ ቦታ። ከግንቡ ውጭ ጅብ በሚመገብበት ቦታ ማንኛውንም ነገር መሬት ላይ ከማስቀመጥህ በፊት ለሚመግበው ሰው ንገረው፣ ፈቃዱንም ጠይቅ። ጅቦቹ እሱን ነው የሚያውቁት፤ አዲስ ዕቃ ካዩ መጀመሪያ ያሸታሉ፣ ቀጥሎ ይነክሳሉ። ኬብል ሪሊዝ ማለት ለጅብ የሚታኘክ ጅማት ነው። ስለዚህ ኬብሉን፣ ሰርቮውንና ባትሪውን ከፊት በኩል በድንጋይ ጋርድ፤ ለሌንሱ ብቻ ክፍት ተው። የናኖውንም መብራት በጥቁር ፕላስተር ሸፍን።

ብርሃኑን በተመለከተ፦ ዜኒት-ኢ ከኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ጋር የሚገጥመው በ1/30 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ መጋረጃው የፊልሙን ከፊል ይከልላል። 400 አይሶ (ፊልሙ ብርሃን የመቀበል አቅሙ) ፊልምና በ100 አይሶ መሪ ቁጥሩ (የፍላሹ ጉልበት) 28 የሆነ ፍላሽ ካለህ መሪ ቁጥሩ በ400 እጥፍ ሆኖ 56 ይሆናል። ጅቡ ከፍላሹ 5 ሜትር ከሆነ 56 ለ5፣ ኤፍ 11 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል)። ይህ ይመችሃል፦ ኤፍ 11 ላይ የባጃጅና የመኪና መብራት በ1/30 ውስጥ ብዙ አይጽፍም፣ ፎኩስህም ሰፊ ይሆናል። ኤፍ 4 ብታደርገው የሚንቀሳቀሰው ጅብ ጎን ሌላ ጥላ ጅብ ይወጣልሃል።

ፍላሹን ከሌንሱ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር አርቀው። አጠገቡ ከሆነ የጅቡ ዓይን ሁለት ነጭ አምፖል ይሆናል።

ሄሊዮስ 44-2 ደግሞ ቀዳዳውን ራሱ አያጠብም። አይተህ ፎኩስ ካደረግህ በኋላ ቀለበቱን በእጅህ ወደ 11 ማዞር አለብህ። ከርቀት ሆነህ ከረሳኸው የሚጠራህ የለም፤ ፊልሙ በኤፍ 2 ይቃጠላል። የዜኒት-ኢን የፍጥነት መዘውርም ሻተሩን ከወጠርክ በኋላ እንጂ በፊት አትንካው፤ መዘውሩ ከሻተሩ ጋር አብሮ ስለሚዞር ሳይወጠር የሚታየው ቁጥር እውነተኛው አይደለም።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ከቁልፉ እስከ ሻተሩ ስንት ይዘገያል? ጅቡ ሥጋውን ሲነጥቅ ቅጽበት ነው።

ሰርኪዩት ድሬ
ለጁገል ማታ፦ በተለመደው የ433 ኮድ አንድ ፍሬም (አንድ ሙሉ መልእክት) ወደ 45 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ መቀበያው አንድ ዓይነት ፍሬም ሁለቴ ካላየ አያምንም፣ ስለዚህ ከ90 እስከ 135 በሬዲዮው ብቻ ይሄዳል። ኤንአርኤፍ24 ከ2 ሚሊ ሰከንድ በታች ይጨርሳል። ቀጥሎ ሰርቮው ትእዛዝ የሚቀበለው በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ነው። ኤስጂ90 ያለ ጭነት 60 ዲግሪን በ0.1 ሰከንድ ይሄዳል፤ 30 ዲግሪ 50 ሚሊ ሰከንድ፣ በጭነት ትንሽ ይጨምራል። ሲደመር በ433 ወደ 0.2 ሰከንድ፣ በኤንአርኤፍ24 ወደ 0.08። ጋሼ ባዶውን አስቀድመህ ብላ ያሉት ለጉልበት ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይጠቅማል፤ ከዜሮ ቢነሳ ሰርቮው እጥፉን ይጓዛል።

ከዚራ58
ኤንአርኤፍ24ን መርጬ ሠራሁት። ሦስት ችግር አለ። ጠረጴዛ ላይ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ይሠራል፤ በባትሪ ውጭ ሲወጣ ሬዲዮው ይሞታል። ሁለተኛ፣ ማብሪያውን እንዳበራሁ ሰርቮው ይዘላልና ሻተሩን ይጭነዋል። ሦስተኛ፣ አንዳንዴ ሰርቮው ሲነሳ ናኖው ራሱን እንደ አዲስ ያስነሳል።

ሰርኪዩት ድሬ
ሦስቱም የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው፦ ሬዲዮውን ከናኖው 3.3 ቮልት ፒን ነው የሰጠኸው፣ አይደል? በናኖው ንድፍ ያ 3.3 የሚወጣው ከዩኤስቢ ቺፑ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነቀል ቺፑ ኃይል ላያገኝ ይችላል፣ 3.3ውም አብሮ ይጠፋል። ኤኤምኤስ1117 የ3.3 ሬጉሌተር (ቮልት አስተካካይ) ለብቻው ከባትሪው አምጣለት። ሬዲዮው እግር ላይ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በየድ፤ ረጅም ሽቦ ላይ ሳይሆን ፒኑ ላይ። 5 ቮልት በስህተት የኃይል ፒኑ ላይ ከሰጠኸው ሬዲዮው ወዲያው ይሞታል፤ የምልክት ፒኖቹ ግን 5 ቮልት ይችላሉ።

ሁለተኛው፦ የሰርቮ ላይብረሪው (ሰርቮውን የሚያዘው ዝግጁ ኮድ) «አታች» (ያዝ) ስትለው ሌላ ካልነገርከው መሃል ቦታውን፣ 1,500 ማይክሮ ሰከንዱን ይልካል። መሃሉ ካንተ መጫኛ ጋር ገጥሟል። ከ«አታች» በፊት የማረፊያውን ዲግሪ «ራይት» በለው፤ ላይብረሪው ይዞት ይጀምራል። ሰርቮው ሥራውን ጨርሶ ወደ ማረፊያው ሲመለስ ከ300 ሚሊ ሰከንድ በኋላ «ዲታች» (ልቀቅ) አድርገው። ጩኸቱም ይቆማል፣ ባትሪም አይበላም። ልማድህ ደግሞ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ መሣሪያውን አብራ፣ ከዚያ ሻተሩን ወጥር።

ሦስተኛው፦ ሰርቮው ሲነሳ ከግማሽ አምፔር በላይ ለቅጽበት ይስባል፣ ቮልቱ ይወድቃል፣ ናኖው ይሞትና ይነሳል። ሰርቮውን ከናኖው ፒን አትመግበው፤ ከባትሪው በቀጥታ በራሱ ሽቦ ይምጣ፣ አጠገቡም 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይቀመጥ። የሰርቮው፣ የናኖውና የሬዲዮው ግራውንድ አንድ ላይ መገናኘቱን አረጋግጥ፤ ካልተገናኘ ሰርቮው ብርድ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል።

በ433 የሚሠሩም ይስሙ፦ ሬዲዮሄድ ላይብረሪ ለ433 ታይመር 1ን (ናኖው ውስጥ ካሉት ጊዜ ቆጣሪዎች አንዱን) ይወስዳል፤ የሰርቮ ላይብረሪውም ያንኑ ታይመር ነው የሚፈልገው። ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም። ወይ ሬዲዮሄድን ወደ ታይመር 2 አዙሩት፣ ወይ በታይመር 2 የሚሠራ የሰርቮ ላይብረሪ ጫኑ። ሰው ሞጁሉን ሦስት ጊዜ ይቀይራል፣ ችግሩ ግን ሞጁሉ ውስጥ የለም።

ሳቢያን ማዶ
ባትሪውን ፓወር ባንክ ለማድረግ ለምታስቡ፦ አብዛኞቹ ትንሽ ኤሌክትሪክ ብቻ ሲሳብ ስልኩ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ናኖና ሬዲዮ አንድ ላይ 35 ሚሊ አምፔር ያህል ነው የሚስቡት፤ ለፓወር ባንኩ ይህ ምንም ነው። 4 የሚሞሉ ባትሪዎች፣ 4.8 ቮልት፣ ይሻላሉ። 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከሆኑ በሂሳብ 57 ሰዓት ነው፤ በተግባር 40 ብላችሁ ያዙ። አልካላይን 4ቱ አዲስ ሲሆኑ ከ6 ቮልት ያልፋሉና ለሰርቮው ጠርዝ ላይ ነው።

ድሬ ላይ ቀን የምትሠሩ ደግሞ፣ አቦ፣ ትኩስ ማጣበቂያ የሚባለውን የፕላስቲክ ሙጫ እርሱት። ጥቁር ነገር ፀሐይ ላይ ሲቆይ ሙጫው ይለሰልሳል፤ ሰርቮው ሲገፋ ኬብሉ ሳይሆን ሰርቮው ራሱ ይሄዳል። ሁሉም በብሎንና በዳዶ። የኢንፍራሬድ ሪሞትም ቀን በፀሐይ አይታመንም፤ መቀበያው በፀሐዩ ይደነዝዛል።

ለገሃሬ22
ያሺካ ማት 124ጂ ላይም ይሠራል? የኬብል ቀዳዳው ከፊት በታች በኩል ነው።

ሞርሳ ቤት
እህቴ፣ ያንቺ ካሜራ ከዜኒቱ የተመቸ ነው። ኬብሉ ከፊት ስለሚገባ መጎበጥ አያስፈልገውም፤ ሰርቮውን ፊት ለፊት አስቀምጠሽ ቀጥ ያለ መስመር ታገኛለሽ። የምትነሳ መስታወት የላትም፣ ሻተሩም ሌንሱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ንዝረቱ ትንሽ ነው፣ ፍላሽም እስከ 1/500 በሁሉም ፍጥነት ይገጥምልሻል። ክብደቱን ግን አንቺም በሚዛን ለኪ፤ የዜኒቱን ቁጥር አትውሰጂ።

ጁገል ማታ
ከርቀት ሻተሩ መነሳቱ እንዴት ይታወቃል? ዜኒት አንዴ ካነሳ ሰው ሄዶ እስኪወጥረው ድረስ ሌላ ፎቶ የለም። በከንቱ መሄድ ደግሞ ጅቦቹን ያርቃል።

ሰርኪዩት ድሬ
የፍላሽ ሶኬቱን ተጠቀምበት። ሻተሩ በትክክል ሲከፈት ውስጡ ያለው ኮንታክት ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይዘጋል። የሶኬቱን ውጭ ከግራውንድ፣ መሃሉን ከናኖው ፒን 3 ጋር አያይዝ፣ ፒኑንም ከውስጥ ወደ ላይ የተሳበ አድርገው። ሰርቮው ከታዘዘ በኋላ 300 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ፒኑ ዜሮ ከሆነ ካሜራው «ተነሳ» የሚል ባይት መልሶ ይላክ፣ እጅህ ላይ ያለው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ይብራ። በኢንተራፕት (ፒኑ ሲለወጥ ናኖውን ወዲያው በሚያቋርጠው መንገድ) አንብበው፤ በተራ ዙር ካነበብከው ያቺ ቅጽበት ታመልጥሃለች።

ጠንቅ አለው፦ ፍላሽ በሶኬቱ ላይ ካለ ይህን ሽቦ አታገናኝ። የድሮ ፍላሾች ኮንታክታቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ የሚይዙ አሉ፤ ናኖው በቅጽበት ያልቃል፣ አጠገቡ ያለ እጅም ይመታል። በፍላሽ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ፍላሹ ራሱ ከ30 ሜትር ይታይሃል።

ከዚራ58
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሬዲዮውም ዝላዩም ተስተካክሏል። ያለ ፊልም፣ የኋላውን በር ከፍቼ በ1/30፣ 50 ጊዜ ሞከርኩት፤ 46ቱ ተነሱ። አራቱ ላይ መልእክቱ ደርሷል፣ ሰርቮውም ተንቀሳቅሷል፣ ሻተሩ ግን አልለቀቀም። አራቱም የሆኑት ማቀፊያውን ከቦታ ቦታ ካዘዋወርኩ በኋላ ነው።

ሞርሳ ቤት
ያ 1,050 ነው። ስትሸከመው የኬብሉ ቅስት ወድቆ ጠበበ፣ ሰበቃው ጨመረ፣ ሰርቮውም 7 ሚሊ ሜትሯ ላይ ሳይደርስ ታነቀ፤ «ሀ» ጉብታዋም የቀረውን ዋጠችው። ቅስቱ ከ8 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ በታች እንዳይጠብ 2 ሚሊ ሜትር ሽቦ በዚያው ቅርጽ አጉብጥና ኬብሉን በሦስት ቦታ በክር እሰረው። አጥብቀህ አታንቀው፤ ልባሱ ከተጨፈለቀ ሰበቃውን ራስህ ጨመርክ ማለት ነው። ከዚያ 50ውን ድገም፤ ቀጥሎ ባትሪው ወደ 4.4 ቮልት ሲወርድ ሌላ 50። በሁለተኛው ላይ አንድም ቢቀር ኮዱን አትንካ፣ ሰርቮውን ቀይር። ኤምጂ90ኤስ መጠኑ ያው ነው ማለት ይቻላል፣ ጥርሱ ብረት ነው፣ በ6 ቮልት 2.2 ይሰጣል።

ከዚራ58
ቅስቱን አሰርኩት። በሙሉ ባትሪ 50 ከ50። በ4.4 ቮልት 48።

ሞርሳ ቤት
እንግዲያው ቀይረው። አዲሱን ስትገጥም ማረፊያውን 4 ሚሊ ሜትር ላይ እንደገና አስተካክል፤ የክንዱ ጥርስ በአንድ ጥርስ ቢሳሳት ባዶዋን 1 ሚሊ ሜትር ታጣታለህ፣ ሻተሩም ስትወጥረው ወዲያው ሊለቅብህ ይችላል።